ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ

ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ (ኤፕሪል 6 ቀን 1810 – ኦገስት 23 ቀን 1888 እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ፣ ሰዓሊና ደራሲ ነበር። የባሕር እንስሳትን ከነሕይወታቸው በመስታወት ገንዳ ውስጥ፣ ከባሕር ርቆ በሚገኝ ቤት ማኖር እንደሚቻል ለሰፊው ሕዝብ ያሳየና ለገንዳውም አኳሪየም የሚለውን ስም ያስለመደ ሰው ነው። ጥብቅ ሃይማኖተኛ ስለነበር በዘመኑ ከተነሣው የዝግመተ ለውጥ ክርክር ጋር የገባበት ግጭትም ስሙን አስጠርቶታል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ስደት

ጎስ በእንግሊዝ አገር በዉስተር ከተማ ተወለደ። አባቱ ቶማስ ጎስ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ ትንንሽ የሰው ምስሎችን በመሳል የሚተዳደር ድሃ ሰዓሊ ነበር። እናቱ ሐና ከጋብቻዋ በፊት በሰው ቤት አገልጋይ ነበረች። ቤተሰቡ በዶርሴት ወደምትገኘው የወደብ ከተማ ወደ ፑል ስለ ሄደ ልጁ ያደገው በባሕር ዳር ነው። ሥዕልን ከአባቱ ሲማር፣ የባሕር እንስሳትን መመልከትን ደግሞ ያስተማረችው አክስቱ ሱዛን ቤል ናት። የእሷ ልጅ ቶማስ ቤል በኋላ የታወቀ የእንስሳት ተመራማሪ ሆኗል። ጎስ ዩኒቨርሲቲ አልገባም። በ15 ዓመቱ በፑል በአንድ የንግድ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ።

በ1827 ገና 17 ዓመት ሲሞላው አትላንቲክን ተሻግሮ ወደ ኒውፋውንድላንድ ሄደ። በካርቦኒር ከተማ የዓሣና የሸቀጥ ነጋዴዎችን ሒሳብ ይጽፍ ነበር። በ1832 ሁለት ነገሮች ሕይወቱን ለወጡት። አንደኛው በጨረታ የገዛው ስለ ማይክሮስኮፕ የተጻፈ አሮጌ መጽሐፍ ሲሆን ሁለተኛው ደግሞ በሃይማኖት ላይ ያደረበት ብርቱ ስሜት ነው። ከዚያ ዓመት ጀምሮ የአገሩን ነፍሳት እየሰበሰበና እየሳለ መዘገበ። ይህ የእጅ ጽሑፍ በኒውፋውንድላንድ ነፍሳት ላይ ከተደረጉት ጥናቶች ሁሉ ቀዳሚው ነው፤ ሆኖም በሕይወቱ ዘመን አልታተመም።

በ1835 ወደ ካናዳ ኮምፕተን ተሻግሮ ከወዳጆቹ ጋር እርሻ ጀመረ። መሬቱን የገዛው ዋጋውንና ለምነቱን አጥንቶ ሳይሆን ስለ አካባቢው ቢራቢሮዎች እያሰበ ነበር ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። እርሻው በሦስት ዓመት ውስጥ ከሰረ። በ1838 በአሜሪካ በአላባማ ግዛት የአንድ ባለ እርሻ ልጆችን ለስምንት ወር ያህል አስተማረ። በዚያ ያየው የባርነት ጭካኔ እጅግ አስጨነቀው፤ የአገሩን ነፍሳትና አበቦች ሥዕል ይዞ በ1839 ወደ እንግሊዝ ተመለሰ። በመርከብ ላይ የጻፈው ስለ ካናዳ ተፈጥሮ የሚያትት መጽሐፍ በ1840 ሲታተም ጎስ 30 ዓመቱ ነበር፤ እጁ ላይ ግን ምንም ገንዘብ አልነበረም።

ጃማይካ

በ1844 የወፍና የነፍሳት ናሙና ለመሰብሰብ ወደ ጃማይካ ሄዶ እስከ 1846 ቆየ። የሰበሰበውን በለንደን ለሚኖር ነጋዴ እየላከ ይሸጥ ነበር። ከዚህ ጉዞ የተገኙት በጃማይካ ወፎች ላይ ያዘጋጀው መጽሐፍ (1847) እና ስለ ደሴቲቱ ቆይታው የጻፈው መጽሐፍ (1851) ናቸው። በዘመኑ ከነበሩት አብዛኞቹ ተጓዦች በተለየ ጎስ የአገሩን ሰዎች አስተዋጽኦ አልሸሸገም። ሳሙኤል ካምቤል የተባለውን ጥቁር ረዳቱን በጽሑፉ አመስግኗል። የጃማይካ ተወላጅና ዳኛ የነበረውን ሪቻርድ ሂልን ደግሞ ስሙን በመጽሐፎቹ የፊት ገጽ ላይ አስፍሯል።

በ1848 የሃይማኖት ጽሑፎች ደራሲ የነበረችውን ኤሚሊ ቦውስን አገባ። እሱ 38፣ እሷ 42 ዓመታቸው ነበር። ሁለቱም ብሬዝረን በመባል የሚታወቀው፣ ቄስም ሥርዓተ ቅዳሴም የሌለው የፕሮቴስታንት ማኅበር አባላት ነበሩ። አንድ ልጃቸው ኤድመንድ በሴፕቴምበር 1849 ተወለደ። በዚያ ዕለት ጎስ በማስታወሻ ደብተሩ የልጁን መወለድና ከጃማይካ አንድ አረንጓዴ ወፍ መድረሱን ጎን ለጎን ጽፎ መገኘቱ ለብዙ ዘመን መሣቂያ ሆኗል። ኤድመንድ ራሱ ግን አባቱ ሁለቱን ያስመዘገበው በደረሱበት ቅደም ተከተል እንጂ እኩል አይቷቸው እንዳልሆነ አስረድቶ ተከላክሎለታል።

ባሕርን ወደ ቤት ማምጣት

ጎስ ከሥራ ብዛት የተነሣ ጤናው ስለታወከ በ1852 ቤተሰቡን ይዞ ወደ ዴቨን የባሕር ዳርቻ ሄደ፤ መጀመሪያ በሴንት ሜሪቸርች፣ ቀጥሎም በኢልፍራኮምብ ተቀመጠ። በዚያ ባሕሩ ሲሸሽ በድንጋዮች መካከል በሚቀሩት ኩሬዎች ውስጥ አበባ የሚመስሉትን የባሕር አኔሞኒዎች፣ ትንንሽ ኮራሎችን፣ ሽሪምፖችንና ሸርጣኖችን ያጠና ጀመር። የሞተን እንስሳ በአልኮል ጠርሙስ ውስጥ አስቀምጦ መግለጽ የዘመኑ ልማድ ነበር። አኔሞኒ ግን ሲሞት ቅርጹንም ቀለሙንም አጥቶ ሟሙቶ ይቀራል፤ ስለዚህ ማጥናት የሚቻለው በሕይወት ካለ ብቻ ነው። ጎስን ወደ ገንዳ ሥራ የገፋውም ይኸው ነው።

ችግሩ የባሕር ውሃ በዕቃ ውስጥ ሲቀመጥ በጥቂት ቀናት ውስጥ መበላሸቱ ነበር። በድንጋያማ የባሕር ዳርቻ ማዕበሉ ያለ ዕረፍት ይሰበራል፤ ሲሰበርም አየርን ከውሃ ጋር ይደባልቃል፤ ባሕሩም በቀን ሁለት ጊዜ ሞልቶና ሸሽቶ ኩሬዎቹን ያጥባል። አኔሞኒና ኮራል እንደ ዓሣ እየዋኙ አየር ወዳለበት ሥፍራ መሄድ አይችሉም። ምግባቸውንና ኦክስጅናቸውን የሚያመጣላቸው፣ ቆሻሻቸውንም የሚወስድላቸው የሚንቀሳቀሰው ውሃ ነው። ውሃው በገንዳ ውስጥ ቀጥ ብሎ ሲቆም ኦክስጅን ከላይ ወደ ታች የሚዘልቀው እጅግ በዝግታ ስለሆነ የገንዳው ወለል ይታፈናል። በዚያ ላይ የባሕር ውሃ ከወንዝ ውሃ ያነሰ ኦክስጅን ይይዛል፤ ሲሞቅ ደግሞ ይህም ይቀንሳል። በበጋ አንድ ቀንድ አውጣ ከድንጋይ ሥር ሞቶ ሳይታይ ከቀረ ገንዳው በሙሉ ሊበሰብስ ይችላል።

ይህን ችግር ለመፍታት የሞከረው ጎስ ብቻ አልነበረም። አና ታይን የተባለች ሴት በ1846 ከቶርኪ ኮራሎችን ወደ ለንደን ወስዳ ነበር። የለንደን ቤቷ ከባሕር ሩቅ ስለነበር አገልጋይዋ በተከፈተ መስኮት ፊት ለፊት ቆማ ውሃውን ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው በየቀኑ ለግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ታንቆረቁረው ነበር። ኮራሎቹ ለዓመታት ኖሩ። የአና ታይን ማስታወሻ በ1859 በሳይንስ መጽሔት ሲወጣ ማብራሪያ የጨመረበት ጎስ ነው። የአገልጋይዋን ስም ግን የመዘገበው የለም፤ የባሕር ውሃን በቤት ውስጥ ለረጅም ጊዜ በማንቀሳቀስ ሕይወት ያቆየችው ግን እሷ ናት።

ኬሚስቱ ሮበርት ዋሪንግተን ደግሞ በ1850 ዓሣ፣ የውሃ ውስጥ ተክልና ቀንድ አውጣ በአንድ ዕቃ ቢቀመጡ አንዱ ሌላውን እያኖረ ውሃው ሳይለወጥ ሊቆይ እንደሚችል አሳየ። ተክሉ በብርሃን ኦክስጅን ያወጣል፤ ዓሣው ይተነፍሰዋል፤ ቀንድ አውጣው የሚበሰብሰውን ቅጠል ይበላል። ዋሪንግተንና ጎስ ይህንኑ ሐሳብ ለጨው ውሃ በየፊናቸው ሞከሩት። ጎስ ብዙ ጊዜ ከወደቀ በኋላ ቡናማና ትልልቅ የባሕር አልጌዎች በገንዳ ውስጥ እየሞቱ ውሃውን እንደሚያዝጉ፣ እንደ ሰላጣ ቅጠል የሳሱት አረንጓዴዎቹ ግን እንደሚኖሩና ውሃውን እንደሚያድሱ አረጋገጠ።

ተክል ብቻውን ግን አልበቃም። አረንጓዴ ቅጠል በሌሊትና በደመና ቀን ኦክስጅን አያወጣም፤ ብርሃን ሲበዛ ደግሞ ውሃው በሙሉ አረንጓዴ ሆኖ መስታወቱ ይጨልማል። ስለዚህ ጎስ ውሃውን የማንቀሳቀስ ዘዴ ጨመረ። አንደኛው መንገድ ከሥሩ ጠባብ ቀዳዳ ያለው ዕቃ ከገንዳው በላይ አንጠልጥሎ ውሃው ጠብ ጠብ እንዲል ማድረግ ነው። እያንዳንዱ ጠብታ የውሃውን ገጽ ሰብሮ አየር ይዞ ይወርዳል። የወረደው ውሃ መልሶ ወደ ላይኛው ዕቃ የሚቀዳው በእጅ ነበር። ሌላው መንገድ ውሃውን በስሪንጅ ስቦ በኃይል መልሶ መርጨት ነው። ከዚህም ጋር የሚተነውን ውሃ በጨው ውሃ ሳይሆን በንጹሕ ውሃ መተካት እንደሚገባ ለአንባቢዎቹ አስረዳ፤ ጨው ከውሃው ጋር አይተንምና። ይህ ምክር ዛሬም በቤቱ የጨው ውሃ አኳሪየም ያለው ሰው ሁሉ የሚከተለው ነው። የጠብታው ዕቃ ግን ለትንሽ ማሰሮ እንጂ ለትልቅ ገንዳ የሚበቃ እንቅስቃሴ አልነበረውም፤ ዛሬ በኤሌክትሪክ ፓምፕ ኮራል የሚያኖሩ ሰዎች የገንዳውን ሙሉ ውሃ በሰዓት ከ10 እስከ 20 ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ እንዲዘዋወር ያደርጋሉ።

የባሕር ውሃ ማግኘት ለማይችሉም መፍትሔ ፈለገ። በ1854 የገበታ ጨውን ከሦስት ሌሎች ጨዎች ጋር፣ ማለትም ከማግኒዥየም ሰልፌት፣ ከማግኒዥየም ክሎራይድና ከፖታሲየም ክሎራይድ ጋር በንጹሕ ውሃ አሟሙቶ ሰው ሠራሽ የባሕር ውሃ የሚዘጋጅበትን መጠን አሳተመ። ውሃው መጀመሪያ አልጌ ገብቶበት ጥቂት ቀን ከቆየ በኋላ እንስሳት ቢገቡበት እንደሚኖሩ አሳየ። ይህ ከባሕር መቶ ኪሎ ሜትር ለሚርቁ ሰዎች በሩን ከፈተ።

የለንደን የዓሣ ቤትና የአኳሪየም ትኩሳት

ጎስ በኢልፍራኮምብ ያኖራቸውን እንስሳት ይዞ ወደ ለንደን ሲመለስ የለንደን የእንስሳት ጥናት ማኅበር በሪጀንትስ ፓርክ በሚገኘው የአራዊት ማቆያው ውስጥ ከብረትና ከመስታወት አዲስ ቤት እያሠራ ነበር። በሜይ 1853 የተከፈተው ይህ የዓሣ ቤት በዓለም የመጀመሪያው የሕዝብ አኳሪየም ነው። ጎስ ለገንዳዎቹ እንስሳት አቀረበ፤ በዚያው ዓመት በዌይመዝ ሆኖ ከጀልባ ላይ ወለሉን በመረብ እየጠረገ በሺዎች የሚቆጠሩ እንስሳትን ላከ። እስከዚያ ድረስ አብዛኛው ሕዝብ ዓሣን የሚያውቀው በገበያ ወይም በሳህን ላይ ነበር።

በ1854 ስለ አኳሪየም የጻፈው መጽሐፍ ራሱ በሳላቸው ባለ ቀለም ሥዕሎች አጊጦ ወጣ። አኳሪየም በላቲን ከብት የሚጠጣበት ሥፍራ ማለት ነበር። ጎስ ግን እስከዚያ ይባል ከነበረው ረጅም ስም ይልቅ አጭርና ለአፍ የሚቀል መሆኑን አስረድቶ ቃሉን ለአዲሱ ገንዳ ሰጠው፤ ስሙም በዚያው ጸና፤ አማርኛም ቃሉን እንዳለ ወስዶታል። በ1855 አጠር ያለና በርካሽ የሚሸጥ የአያያዝ መመሪያ አወጣ። በዚያው ዓመት ቻርልስ ኪንግስሊ የተባለው ቄስና ደራሲ የጎስን ሥራ የሚያወድስ መጽሐፍ ጻፈ፤ ጎስም በባሕር ዳር ተማሪዎችን ሰብስቦ ያስተምር ጀመር። በ1856 የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆኖ ተመረጠ።

ጊዜውም ረድቶታል። በእንግሊዝ በመስታወት ላይ ይጣል የነበረው ግብር በ1845 ተነሥቶ ነበር፤ የባቡር ሐዲድም የከተማውን ሰው ወደ ባሕር ዳር ያመላልስ ጀምሯል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ገንዳ በየሳሎኑ ታየ። አብዛኞቹ ገዢዎች ግን የመጽሐፉን ሥዕል እንጂ ማስጠንቀቂያውን አላዩም። በትንሽ ገንዳ ብዙ እንስሳ አጨናንቀው፣ ውሃውንም ሳያንቀሳቅሱ በመስኮት ሥር እያስቀመጡ በሳምንት ውስጥ የሚሸት ውሃ ታቀፉ። ፋሽኑ በ1860ዎቹ ውስጥ ቀዘቀዘ።

የውሃ እንቅስቃሴን ጉዳይ ከጎስ በኋላ ወደ ፊት የወሰደው ዊልያም አልፎርድ ሎይድ ነው። ሎይድ በለንደን የአኳሪየም ዕቃና የባሕር እንስሳት የሚሸጥበት ሱቅ ነበረው፤ ጎስም በገንዳዎቹ ውስጥ ያሉትን አኔሞኒዎች እየሄደ ያጠና ነበር። ሎይድ በ1864 በሐምቡርግ፣ በ1871 ደግሞ በለንደን ክሪስታል ፓላስ በሠራቸው የሕዝብ አኳሪየሞች ከገንዳዎቹ እጅግ የሚበልጥ ጨለማ የውሃ ማጠራቀሚያ ከምድር በታች አስቆፍሮ፣ ፓምፕ ቀንና ሌሊት ውሃውን ወደ ላይ እየገፋ መልሶ እንዲወርድ አደረገ። ጎስ በጠብታ ያደረገውን ሎይድ በሞተር አደረገው። የዛሬዎቹ የቤት አኳሪየሞች ከሥራቸው የሚያስቀምጡት ተጨማሪ ገንዳ የዚሁ አሠራር ትንሽ ቅጂ ነው።

የኤሚሊ ሞትና ኦምፋሎስ

በ1856 ኤሚሊ በጡት ካንሰር ታመመች። ቀዶ ሕክምናን ትታ በዚያ ወቅት አዲስ በተባለ የቅባት ሕክምና ብትታከምም ሕመሙን ከማብዛት በቀር አልረዳትም፤ በፌብሩዋሪ 1857 አረፈች። ጎስ ትንሽ ልጁን ይዞ በዚያው ዓመት ወደ ሴንት ሜሪቸርች ተዛወረ፤ በዚያም የአንድ ትንሽ ጉባኤ ሰባኪ ሆነ።

በዚሁ ዓመት መጨረሻ ኦምፋሎስ የተባለውን መጽሐፉን አሳተመ። ቃሉ በግሪክኛ እምብርት ማለት ነው። የመሬት ተመራማሪዎች ምድር እጅግ አሮጌ መሆኗን ከድንጋይና ከቅሪተ አካል እያሳዩ ነበር፤ ጎስ ደግሞ የኦሪት ዘፍጥረትን ቃል እንደ ተጻፈ ያምናል። ሁለቱን ለማስታረቅ የመረጠው መንገድ እንዲህ የሚል ነበር፤ ሕይወት የሚዞር ክብ ስለሆነ ፈጣሪ በየትኛውም ነጥብ ቢጀምረው ያለፈ ዘመን ምልክት ይኖረዋል። ከእናት ያልተወለደው አዳም እምብርት ነበረው፤ በአንድ ቀን የተፈጠረው ዛፍም በግንዱ ውስጥ የዓመታት ቀለበት ነበረው። ቅሪተ አካላትም እንዲሁ ናቸው።

ክርክሩን በአመክንዮ ማፍረስ አስቸጋሪ ነው፤ በማስረጃ ማረጋገጥም ሆነ ማስተባበል አይቻልምና። ሳይንቲስቶቹ ለዚህ ሲሉ ናቁት። ጎስን የጎዳው ግን የሃይማኖት ሰዎችም አለመቀበላቸው ነበር። ወዳጁ ኪንግስሊ እንኳ እግዚአብሔር በድንጋይ ላይ ሐሰት ጽፏል ብሎ ማመን እንደማይችል ገልጾ ጻፈለት። መጽሐፉ አልተሸጠም። ከሁለት ዓመት በኋላ የቻርልስ ዳርዊን የዝርያዎች አመጣጥ ሲታተም ጎስ ሐሳቡን አልተቀበለም፤ ሆኖም በሌላ ጉዳይ ከዳርዊን ጋር ደብዳቤ መጻጻፉን አላቋረጠም።

የኋላ ዘመንና ሥራው

ከ1858 እስከ 1860 የወጣው የብሪታንያ አኔሞኒዎችና ኮራሎች መጽሐፉ ከሳይንስ ሥራዎቹ ሁሉ የላቀ ነው። እያንዳንዱን እንስሳ በገንዳው ውስጥ በሕይወት እያየ ስለ ገለጸው ከእሱ በፊት ከነበሩት የጠርሙስ ናሙና መግለጫዎች ጋር አይወዳደርም። በ1860 ኤሊዛ ብራይትዌንን አገባ፤ ከዚያ በኋላ የገንዘብ ችግር አልነበረበትም፤ ኦርኪድ የተባለውን አበባ በማልማትና ከዋክብትን በመመልከት ብዙ ጊዜ አሳለፈ። በ1886 ከቻርልስ ሃድሰን ጋር ስለ ሮቲፈሮች፣ ማለትም በማይክሮስኮፕ ብቻ ስለሚታዩ የውሃ እንስሳት ትልቅ መጽሐፍ አወጣ።

የእሱ መጻሕፍት ያስነሡት ፍቅር ግን ራሱን የሚወደውን ነገር ጎድቶበታል። ሰብሳቢዎች ብረትና መዶሻ ይዘው የዴቨንን ኩሬዎች ድንጋይ በድንጋይ እየገለበጡ አራቆቷቸው። ኤድመንድ እንደመሰከረው በልጅነቱ በአበባ የተሞሉ የአትክልት ቦታዎች ይመስሉ የነበሩት ኩሬዎች ከጥቂት ዓመታት በኋላ ባዶ ሆነዋል፤ አባቱም ይህን ሲያይ በጥፋቱ የእሱም እጅ እንዳለበት ተሰምቶት እጅግ አዝኗል።

ጎስ በሕይወት ሳለ ክርስቶስ ዳግም እንደሚመጣና ሞትን ሳይቀምስ እንደሚወሰድ አጥብቆ ተስፋ ያደርግ ነበር። በ1888 መጀመሪያ ግድም በክረምት ሌሊት በተከፈተ መስኮት በቴሌስኮፕ ከዋክብት ሲመለከት ብርድ መትቶት ታመመ፤ በኦገስት 23 ቀን በሴንት ሜሪቸርች አረፈ። ኤድመንድ ጎስ የታወቀ የሥነ ጽሑፍ ሐያሲ ሆነ፤ በ1907 ያሳተመው አባትና ልጅ የተባለው መጽሐፍ አባቱን ጨካኝ አድርጎ እንዳቀረበው ብዙዎች አንብበውታል፤ የኋላ ዘመን የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎች ግን የልጁ ትዝታ በብዙ ቦታ የተጋነነ መሆኑን አሳይተዋል።

ጎስ ስም ካወጣላቸው የአኔሞኒ ወገኖች መካከል ሳጋርቲያ (1855) እና አይፕታሲያ (1858) ይገኙበታል። አይፕታሲያ ዛሬ በጨው ውሃ አኳሪየም ባለቤቶች ዘንድ እንደ አረም ይቆጠራል፤ ከድንጋይ ጋር ሳይታይ ገብቶ ይራባል፤ ሲቆርጡትም ከቀረችው ቁራሽ እንደገና ይበቅላል።